ከትርጓሜ በፊት ንባብ፤ ስለ ጥያ ትክል ድንጋዮችና ስለ ፈቺዎቻቸው

ወደ ጥያ ሄዶ የተመለሰ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ይዞ ይመጣል። «ሰይፎቹን ቁጠር፣ ሟቹ ስንት ሰው እንደ ገደለ ታውቃለህ» ይልሃል። አራት ሰይፍ ያለበት ድንጋይ አራት የገደለ ጀግና ነው፤ ዘጠኝ ያለበት ዘጠኝ። ክቡ ጡት ነው፣ እንግዲያው የተቀበረችው ሴት ናት። ከታች የተቀረጸው ቅርንጫፍ መሳይ ነገር እንሰት ነው፤ የለም፣ ብርኩማ ነው የሚልም አለ። ወሬው በአንድ ትንፋሽ ያልቅና ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ፍቺው እንዲህ መፍጠኑ ነው። በዚህ መጽሔት ላይ አንዱ ተነሥቶ የአንድን ገጣሚ ቃል ከስንኙ፣ ስንኙን ከግጥሙ ነጥሎ «ይህ ማለት ይህ ነው» ቢል በሚቀጥለው እትም የሚወርድበትን ውርጅብኝ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገሩ ድንጋይ ሲሆን ግን ሁሉም ይፈቀዳል። ጸሐፊው ሞቷል፣ ቋንቋው አልቀረም፣ ማን ይከራከራል! ስለዚህ ይህ ሂስ የሚያነጣጥረው በፈቺዎቹ ላይ ነው። ድንጋዮቹማ ምን አደረጉ።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እናስቀምጥ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በሶዶ ምድር፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ ነው። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ 36 ሐውልቶች ተቆጠሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በዚያው በሶዶ አካባቢ ወደ 160 የሚጠጉ የጥንት ሥፍራዎች እንዳሉ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። አባ አዛይስ የሚባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን መነኩሴ በ1920ዎቹ አገሩን ዞረው ያዩትን ከሻምባር ጋር በ1931 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ የደቡብን ድንጋዮች ዘረዘረ፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ ጥያን ቆፍሮ በ1995 መጽሐፍ አወጣ። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኘ። ሟቾቹ ታጥፈው፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ የተቀበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች። ዘመኑ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ጥያን «ቅድመ ታሪክ» ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል። ግን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ላስታ ላይ እነ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን እየፈለፈሉ፣ ግዕዝ እየተጻፈ ነበር። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በዚያው ከአዲስ አበባ ወደ ጥያ በሚወስደው መንገድ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች፣ በትውፊት ለላሊበላ ዘመን የምትሰጥ። በዚያው መንገድ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የድንጋይ መሣሪያው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። እንግዲህ ቅድመ ታሪክ የሚባለው እሱ ነው። ጥያና አዳዲ ግን ምናልባት ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ሕዝብ አለቱን ወደ ታች ይቆፍራል፣ ሌላው አለቱን ወደ ላይ ያቆማል፤ በገበያ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም። ታዲያ አንዱን «ታሪክ» ሌላውን «ቅድመ ታሪክ» ያሰኘው ምንድን ነው? ብራና ስለ ጻፈና ስላልጻፈ ብቻ? ቃሉ ዘመን የሚናገር ይመስላል እንጂ ማዕረግ ነው የሚሰጠው። ፈቺውም እንደልቡ የሚፈነጨው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከታሪክ ውጭ ላለ ሰው ማን ጠበቃ ይቆምለታል?

አሁን ወደ ንባቡ። የጎንደር አገር ሰው (የእኔ ከተማ አይከል ናት፤ ከጎንደር ወደ መተማ ሲሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ) ስለ አንድምታ ሳይሰማ አያድግም። የላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ የታች ቤት እንዲህ ይላል እየተባለ፤ «አንድም» እየተባለ አንድ ቃል በአምስት በስድስት መንገድ ይፈታል። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ «የፈለጉትን ማለት ይቻላል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። አይቻልም። ተማሪው ንባብ ቤት ዓመታት ሳይገፋ ትርጓሜ ቤት አይገባም። ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ፣ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን እንዳለ ካላወቀ «አንድም» የማለት መብት የለውም።

የድንጋይ ንባቡስ ምንድን ነው? የተቀረጸው ምልክት አንድ ክፍሉ ነው። ድንጋዩ የቆመበት ሜዳ፣ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ፣ ከሥሩ የተኛው ሰው፣ ከጎኑ ያለው ድንጋይ፣ የሚቀርበው ውሃ፣ የሚያልፈው መንገድ፣ ደጋው ወደ ቆላ የሚሰበርበት ጠርዝ፤ ይህ ሁሉ ንባብ ነው። ሪቻርድ ብራድሌ የሚባል እንግሊዛዊ በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ የብሪታንያንና የአትላንቲክ ዳር አገሮችን የድንጋይ ላይ ቅርጾች እንዲህ ለማንበብ ሞክሯል። እዚያ ያሉት ጎድጓዳና ቀለበት መሳይ ቅርጾች ናቸው፤ ትርጉማቸውን የሚነግር የለም። ሰውዬው «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ትቶ «ከዚህ ቆመህ ምን ይታይሃል? ማንስ በዚህ ያልፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቹ ሰፊ አገር በሚታይባቸው ቦታዎችና በመተላለፊያ መንገዶች አጠገብ ሆነው አገኛቸው። ትርጉሙን ፈታው አልልም። ጥያቄውን ግን መሬት አስነካው።

በዚህ ዓይን «የገደለውን ቁጠር» የሚለውን እንመርምረው። ይህ ፍቺ ከድንጋዩ ወጣ ብዬ አላምንም፤ ከእኛው ከፉከራው ነው የወጣው። ገዳይን በቁጥር ማወደስ ስንሰማው ያደግንበት ነገር ነው፤ ቀረርቶ የለመደ ጆሮ ይዘን ሄደን ሰይፍ ስናይ ወዲያው መቁጠር እንጀምራለን። ሰይፉ ግን አንድም የማዕረግ ምልክት ይሆናል፤ አንድም ሟቹ የደረሰበት የዕድሜ እርከን ይሆናል፤ አንድም ቀባሪው ወገን እያንዳንዱ የየራሱን ሰይፍ አስቀርጾ ሊሆን ይችላል፤ አንድም እንደ ዘፈን አዝማች የሚደጋገም፣ ከነጭራሹ የማይቆጠር ነገር ይሆናል። እነዚህን የደረደርኩት ትክክል ናቸው ብዬ አይደለም። «ገዳይ» ከሚለው ያላነሰ መብት እንዳላቸው ለማሳየት ነው። ደግሞስ አንድ ድንጋይ ለአንድ ሰው ነው ያለን ማን ነው?

እሺ፣ ሟቾቹ ወጣቶች ናቸውና ጦርነት ነው እንበል። ወረርሽኝም ወጣት ይገድላል፤ ይሁን፣ ጦርነት ነው እንበል። ጦርነት ከሆነ መሬት ላይ መታየት አለበት። ሰይፍ የበዛባቸው ድንጋዮች የት የት ናቸው? ወደ አዋሽ መሻገሪያ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ ጠላት በሚመጣበት በር ይበዛሉ? ወይስ በእርሻው መካከል፣ በመንደሩ ጓሮ? 160 ሥፍራ እያለ ከአንዱ ብቻ፣ ያውም አጥር ከተሠራለት፣ ይህን ሁሉ ጀግንነት ማውጣት ከአንድ ስንኝ ሙሉ ዲዋን እንደ መጻፍ ነው።

እንሰት የሚለው ፍቺ ከዚህ ይሻለኛል፤ የሚሻለኝ ደግሞ ስለሚያምር አይደለም። ሊፈተን ስለሚችል ነው። እንሰት በሁሉም ቦታ አይበቅልም። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ያለውን ደጋና ወይና ደጋ የያዘ፣ የራሱ ጠረፍ ያለው ተክል ነው። ምልክቱ እንሰት ከሆነ ምልክቱ ያለባቸው ድንጋዮች ከእንሰቱ አገር ጋር ይሄዳሉ፤ እንሰቱ በማይወርድበት ቆላ ላይ ምልክቱ ከተገኘ ፈቺው መልስ መስጠት አለበት። ብርኩማ ከሆነም እንዲሁ። ብርኩማ የቤት ዕቃ ነው፣ የተኛን ሰው ራስ የሚደግፍ። ታጥፎ ለተኛ ሟች ብርኩማ ማስቀረጽ የሚገርም አይደለም። ግን ያኔ ምልክቱ ከመቃብሩ ጋር መሄድ አለበት፤ መቃብር በሌለበት ድንጋይ ላይ ምን ይሠራል? አየህ፣ ሁለቱም ፍቺዎች መሬት ላይ ሲወርዱ የተለያየ ካርታ ይሰጣሉ። ካርታውን ሳይሠሩ በ«ይመስላል» ብቻ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው። በነገራችን ላይ «ይመስላል» የሚለው ቃል ከዚህ ጥናት ለአንድ ዓመት ቢታገድ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ግራኝ። የአገሩ ሰው እነዚህን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ከ1529 እስከ 1543 ነውና፣ መቃብሮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድሙታል። ልክ ነው፣ ይቀድሙታል። እኛም ጎንደሮች ከዚህ አንድንም፤ የፈረሰ ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው፣ የቆመ ሁሉ ፋሲል ያቆመው ነው፤ ከ1636 በፊት አገሩ ባዶ የነበረ ይመስል። (ከአይከል አጠገብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የዝሆን ዘመድ አጥንትና የቅጠል አሻራ እንደ ተገኘ በ2003 ለዓለም ተነግሯል፤ በእኛ ትምህርት ቤት ግን ታሪክ የሚጀምረው ከግንቡ ነው።) ቢሆንም የባላገሩን ወሬ ከማጥላላታችን በፊት ቃሉን እንይ። ትክል ድንጋይ እንላለን። ዛፍ ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ታቦት ይተከላል። አማርኛ ድንጋዩን «የቆመ» አላለውም፤ «የተተከለ» ነው ያለው፣ ሥር አለው ማለት ነው። ሰይፍ የተቀረጸበት የተተከለ ነገር በሜዳ ላይ ያየ ሰው በአገሩ ያለፈ፣ ድንኳን የተከለ፣ ሰይፍ የያዘ ሠራዊት ቢያስብ ንባቡን ጀምሯል። ዘመኑን ሳተ እንጂ ድንጋዩን ከመንገድና ከሜዳ አልነጠለውም። ከእኛ አውቶቡስ ይሻላል።

ከመቃብሩ ወጥተን ወደ ሌላ ዓይነት ቅርጽ እንሂድ፤ መሬቱና ምልክቱ ከቶ የማይነጣጠሉበት ቦታ አለ። በዲላ አካባቢ የሻቤ ሸለቆ። እዚያ የወንዙ ግድግዳ ላይ ላሞች ተቀርጸዋል፤ ሻኛ የሌላቸው፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ቀንዳቸው ከላይ እንደሚታይ ሆኖ የተዘረጋ፣ ጡታቸው እጅግ የገነነ። ተከታትለው ይሄዳሉ። ይህን ከፎቶግራፍ ብቻ ያየ ሰው «የከብት አምልኮ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ተጽፏልም። ግን ከብት የጠበቀ ሰው ይጠይቀው፤ ላም በጠባብ የወንዝ ዳር መንገድ ላይ እንዴት ትሄዳለች? ተከታትላ ነዋ! ቀራጩ ላሞቹን ያሰለፈው ለውበት ሊሆን ይችላል፤ ሸለቆው ራሱ ስላሰለፋቸውም ሊሆን ይችላል። ጡት የሞላባት ላም፣ ውሃ፣ ጠባብ መንገድ። ግድግዳውን ቆርጠው ወደ ሙዚየም ቢወስዱት የሚቀረን የላም ሥዕል ነው፤ መንገዱ ይጠፋል።

አክሱም አጠገብ ያለችው የጎበድራ አንበሳም እንዲሁ ናት። ከሦስት ሜትር የምትበልጥ፣ በትልቅ አለት ላይ የተቀረጸች እንስት አንበሳ። የአገሩ ትውፊት መልአኩ ሚካኤል ከአንበሳዪቱ ጋር ታግሎ በአለቱ ላይ ሲወረውራት ምስሏ ቀረ ይላል። መጽሐፎቻችን ትውፊቱን ጽፈው ያልፋሉ። ከዚያው ከኮረብታው ሥር ግን የአክሱም ሐውልቶች የተፈነቀሉበት የድንጋይ ካባ አለ! ሐውልት ከሚወለድበት ቦታ በር ላይ አንበሳ ተቀምጣለች፤ ይህን አንድ ላይ ያነበበ ስንት ሰው ነው?

የሚከራከረኝ ሰው «ምልክቱ ዋናው ነው፤ መልክዓ ምድሩ መድረክ ነው» ሊል ይችላል። የእኔን አገር አስቤ የምመልሰው ይህን ነው። በአይከልና በጭልጋ ዙሪያ የቅማንት አባቶች በተከለሉ የዛፍ ደኖች፣ ብዙ ጊዜም በከፍታ ቦታ፣ በወምበራቸው እየተመሩ ሲጸልዩ ኖረዋል። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት በ1960ዎቹ አብሯቸው ተቀምጦ በ1969 መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ በዚያ ሥርዓት የሚጸልዩት ጥቂት ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው የሰገደበት ቦታ ላይ ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ ኮረብታ አለ። ዛፉ ቢቆረጥና አረጋውያኑ ቢያልፉ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ ምን ያገኛል? ባዶ ኮረብታ! «እዚህ ምንም አልነበረም» ብሎ ይጽፋል።

ስለዚህ ምልክት ሳይቀረጽ ቅዱስ ቦታ ይኖራል። ቦታ የሌለው ምልክት ግን እስካሁን አላየሁም። የግዕዙ ደብር ትርጉሙ ተራራ ነው፤ ዛሬ ደብር ስንል ቤተ ክርስቲያኑን ነው የምናስበው። ቃሉ ራሱ ቦታው እንደሚቀድም ይመሰክራል፤ መጀመሪያ ተራራው፣ በኋላ ሕንጻው። ድንጋይ ቀራጮቹም ባዶ ሜዳ መርጠው ምልክት ያከፋፈሉ አይመስለኝም፤ ቀድሞ የሚታወቅ፣ ቀድሞ ስም ያለው ቦታ ላይ ነው የተከሉት ብል ይቀለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መሬት ላይ ወርዶ ይፈተን።

ይህን ሐሳብ ዓለም ራሱ ቀስ እያለ የደረሰበት ይመስላል። በ1980 ጥያ ሲመዘገብ የተቆጠሩት ድንጋዮች ናቸው። በ2023 ጌዴኦ ሲመዘገብ ግን «የባህል መልክዓ ምድር» ተብሎ ነው፤ እንሰቱና ቡናው በትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው የተከበሩ ደኖች፣ ትክል ድንጋዮቹም ከእነዚህ ጋር። የጌዴኦ ድንጋዮች ደግሞ ለችኩል ፈቺ የማይመቹ ናቸው። በቱቶ ፈላ በወንድ ብልት ቅርጽ የተሠሩ ድንጋዮች በኋላ ዘመን የሰው መልክ እንዲይዙ እንደገና ተቀርጸዋል። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ሐሳብ፤ የትኛውን ነው የምትፈታው? ዘመኑም ቢሆን ተናግቷል። በሳካሮ ሶዶ የተደረገ ጥናት በ2021 ሲወጣ የአንዳንዶቹን ዕድሜ ወደ መጀመሪያው መቶ ዓመት ወሰደው፤ ቀድሞ ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ማለት ነው። «ይህ ማለት ይህ ነው» ብለው የጨረሱ ሰዎች አሁን የሺህ ዓመት ዕዳ አለባቸው።

ወደ ራሳችን ግቢ ልመለስ። ከሶዶ ምድር ተነቅለው ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የመጡ ትክል ድንጋዮች አሉ። የመጡት ለጥበቃ ነው፣ አልከራከርም፤ የወደቀ ድንጋይ በማረሻ ከሚሰበር እዚህ ቢቆም ይሻላል። ግን ተከለ ላልነው ነገር ተቃራኒው ነቀለ ነው። የተነቀለ ድንጋይ ላይ ሰይፉ ይታያል፣ ክቡ ይታያል፣ ንባቡ ግን ተቆርጧል፤ ከመካከል የተቀደደ ገጽ ነው። ተማሪ ከላቦራቶሪ ወደ ካፌ ሲሄድ አይቶት «ስንት ገደለ?» ብሎ ቢቀልድ ምን ይፈረድበታል።

እንግዲህ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ጓደኞቼ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሚመጣው የትምህርት ጉዞ ወደ ጥያ የምትሄዱ ኮምፓስ ያዙ። ሰይፉን መቁጠር ትታችሁ ድንጋዩ ፊቱን ወደ የት እንዳዞረ፣ ከፊቱ ምን ኮረብታ እንደሚታይ፣ ውሃው በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ፣ ገበሬው ሜዳውን በምን ስም እንደሚጠራው ጻፉ። የሜዳውን ስም በተለይ። የግቢያችንንም ድንጋዮች የሚመለከት ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ካለ ከዕድሜውና ከቁመቱ በፊት ይህን ያስገባልን፦ ከየትኛው መንደር መጣ፣ የማን እርሻ ላይ ቆሞ ነበር፣ ሲነቀል ወደ የት ያይ ነበር።